የመጨረሻዋ ቁራሽ

አንድ ቃል ከአፉ ለማውጣት የሚያምጥ ልጅ ነበር። ስሙ ሌላንድ ይባላል። የተወለደው በአሜሪካ መሃል አገር፣ ዓይን እስኪደክም ድረስ ሜዳ በሆነና ከሰው ይልቅ ከብት በሚበዛበት ወረዳ ነው። እንዲህ ያለ ልጅ ከዝምተኛ ቤት ቢወለድ ኖሮ ባልከፋ። የሱ ዕጣ የወጣው ግን ከአጫራች ቤት ነው። አባቱ ሃስኬል በከብት ገበያው ሰገነት ላይ ቆሞ ኮርማና ጊደር የሚያጫርት፣ አፉ ጤፍ የሚቆላ ሰው ነበር። ዋጋ ሲጠራ ቃል ከቃል አይለይም፤ ዜማ ይሆናል። ገበሬው ባርኔጣውን ነካ ካደረገ ተጫረተ ማለት ነው፤ አፍንጫውን ያከከም አንዳንዴ ሳያስበው የጥጃ ባለቤት ሆኖ ወደ ቤቱ ይገባል። የዘገየ ግን ያጣል። "አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ተሸጠ!" ካለና መዶሻው ከወረደ በኋላ አቤቱታ የለም።

ክፋቱ ሃስኬል ሥራውን ይዞት ቤት መግባቱ ነው። የልጆቹ እናት ቀደም ብላ ስለሞተች ወጥ ቤቱን የያዘችው ታላቋ ልጅ ኮራ ነበረች። ማታ ራት ተበልቶ ሲያበቃ በትሪው ላይ የምትቀረውን የመጨረሻዋን የበቆሎ ዳቦ ቁራሽ ሃስኬል ያጫርታታል። ማንኪያውን እንደ መዶሻ ይዞ "ይህቺን ጠርዟ ቀይ የሆነች ዳቦ ማን ይወስዳታል? አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ..." ይላል። ክፍያ የለውም፤ ጨዋታ ነው። ቀድሞ "እኔ!" ያለ ይበላል። ሌላንድ አፉን ከፍቶ፣ የአንገቱ ሥር ተገታትሮ "እ... እ..." ሲል ማንኪያው ጠረጴዛውን ይመታና ኮራ ትወስዳለች። ሃስኬል ክፉ ሰው አልነበረም። ልጁ የበቆሎ ዳቦ እንደማይወድ ከልቡ ያምን ነበር፤ ለጎረቤትም እንዲሁ ብሎ ይናገራል።

በሌላውም ነገር ያው ነው። ልጁ አንድ ነገር ሊል ሲጀምር አባቱ ይጨርስለታል፤ ለማገዝ ብሎ። ሌላንድም ውሃ ፈልጎ ወተት ይጠጣል፤ ታሞ ሊናገር ሲጀምር ኳስ ይገዛለታል። የልጅ ልቡ ግራ ተጋባ። አንዳንድ ጊዜ ራሱም ወተቱን ፈልጎ የነበረ ይመስለዋል።

አንድ ቀን ታዲያ ሃስኬል ለምሳ ከሰገነቱ ሲወርድ ልጁ ወጣ። በረቱ ባዶ ነው። መዶሻውን አነሳና በአባቱ ድምፅ፣ በአባቱ ዜማ ማጫረት ጀመረ። ቃሉ ሳይደናቀፍ ወረደ። ጨረታው የቀጠለ የመሰላቸው ገበሬዎች ምግባቸውን እያላመጡ ሮጠው መጡ፤ አንድ ሽማግሌ እንዲያውም ባርኔጣቸውን ነካ አድርገው ለባዶው በረት ተጫረቱ። ሳቁ አካባቢውን ሞላው። ሃስኬል በደስታ እየዘለለ መጣ።

"ይሄን የመሰለ ምላስ የት ደብቀኸው ኖሯል? እስቲ ንገረኝ!" አለው።

"እ... እ..." አለ ልጁ።

"እቤት ተለማምደህ ነዋ! ጎበዝ!" አለ አባትየው፤ ወዲያው ወደ ሥራው ተመለሰ።

ሌላንድ መዶሻውን እንደያዘ ቀረ። ቅድም የተናገረው ማን ነው? እሱ ራሱ ከሆነ፣ አሁን የት ሄደ? ይህን ጥያቄ ማንንም መጠየቅ አልቻለም፤ ለመጠየቅም የራሱ ቃል ያስፈልገዋላ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ገባው፤ ወይም የገባው መሰለው። በሰው ቃል ሲናገር ምላሱ ይፈታል፤ በራሱ ቃል ሲናገር ይታሰራል። ስለዚህ የሰው ቃል መሰብሰብ ያዘ። የሰባኪውን፣ የመምህሩን፣ የራዲዮ ነጋሪውን ድምፅ ተማረ። በትምህርት ቤቱ ቲያትር ላይ ንጉሥ ሆኖ ሲተውን የሰማ ሁሉ አጨበጨበ። ዕድሜው ሲደርስ ፊልም ወደሚሠራበት ከተማ ለመሄድ ተነሣ። አውቶቡሱ ደረጃ ላይ ቆሞ ወደ አባቱ ዞረና "አባባ፣ እ..." አለ።

"እደውላለሁ ልትል ነው፣ አውቃለሁ!" አለ ሃስኬል። "ግባ፣ ሾፌሩ ይቸኩላል።"

ሊል የፈለገው "እፈራለሁ" ነበር። ገባ፤ አውቶቡሱም ሄደ።

በዚያ ከተማ ብዙ ጊዜ ተንከራተተ። ከኋላ የሚያልፍ መንገደኛ ሆነ፣ በጦርነት ፊልም ላይ ሬሳ ሆነ። ሬሳ ሲሆን ግሩም ነው ተባለ፤ የሚናገረው የለማ! አንድ ቀን ግን የአንዲት ትንሽ ሚና ተዋናይ ሳይመጣ ቀረና አዘጋጁ ተናዶ "ይሄን ማን ይልልኛል?" ብሎ ጮኸ። ሌላንድ ወረቀቱን ተቀብሎ አነበበው። የመብራት ሠራተኛው ሳይቀር ሥራውን አቁሞ ሰማው። ከዚያ ወዲያ በሩ ተከፈተለት። የመርከብ አዛዥ ሆነ፣ ዶክተር ሆነ፣ ወንበዴም ሆነ። ከሁሉ በላይ ስሙን ያስጠራው ግን ለዓመታት ጠፍቶ ወደ ሽማግሌ አባቱ የሚመለስ ልጅ ሆኖ የሠራው ፊልም ነው። እዚያ ላይ በሽማግሌው እግር ሥር ተንበርክኮ "አባቴ፣ ያን ሁሉ መንገድ የዞርኩት ይህን በር ለማግኘት ነው" ይላል። ይህን ያየ ሕዝብ ተላቀሰ። መንገድ ላይ እያስቆሙ "እስቲ ያቺን ቃል በልልን" ይሉት ነበር። ይልላቸዋል፤ ከነእንባው።

የራሱ ኑሮ ግን ናላውን ያዞረው ጀመር። ምግብ ቤት ገብቶ የሚያዝዘው በመርከብ አዛዡ ድምፅ ነው። ከቤት አከራይ ጋር ሲጣላ ወንበዴው ይናገርለታል። ሚስት ያገባውም አንድ ፊልም ላይ በተማረው የፍቅር ቃል ነው። እሷ ደግሞ ፊልሞቹን ሁሉ አይታለች። አንድ ቀን ከጠብ በኋላ "ትናንት ይቅርታ የጠየቀኝ የትኛው ነው? ዶክተሩ ነው ወይስ አዛዡ?" አለችው። ሊመልስ አፉን ከፈተ፤ አንገቱ ተገታተረ፤ ደነገጠና አፉን ዘጋ። ከዚያ በዶክተሩ የተረጋጋ ድምፅ "ደክሞሻል፣ ዕረፊ" አላት። ዐርፋ አልቀረችም፤ ሻንጣዋን ይዛ ሄደች። ሌላንድ ሊያለቅስ ፈለገና በየትኛው አለቃቀስ እንደሚያለቅስ ጠፋው።

እንዲህ ባለበት ጊዜ ኮራ ደወለች። "አባባ ስትሮክ መታው። ግማሽ ጎኑ አይታዘዝም፤ ምላሱም ተይዟል። የምትለው ካለህ ቶሎ ና" አለችው።

የምትለው ካለህ። በአውሮፕላኑ ላይ ይህቺ ቃል አላስቀምጥ አላስተኛ አለችው። በእርግጥ የሚለው ነበረው፤ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ደረቱ ላይ የተቀመጠ ነገር። ሊያወጣው ሲሞክር ግን የሚመጣለት ሁሉ ሌላ ሰው የጻፈው ነው። አባቱ ሳይሰማው እንዳይሞት ፈራ። ይባስ ብሎ የፈራው፣ ፊቱ ቆሞም የሚለው እንዳይጠፋው ነበር።

ሲደርስ ሃስኬል መስኮት አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ያ አፉ ጤፍ ይቆላ የነበረ ሰው ከንፈሩ ወደ አንድ ጎን ወርዷል። ሌላንድ ተጨነቀ፤ ሲጨንቀው እንደሚያደርገው ጉልበቱ በራሱ ታጠፈ፤ ፊቱም ሳያውቀው ብርሃን ወዳለበት ወደ መስኮቱ ዞረ። "አባቴ፣ ያን ሁሉ መንገድ የዞርኩት ይህን በር ለማግኘት ነው" አለ።

ኮራ በሩ ላይ ሆና አለቀሰች። አባትየው ግን ልጁን ትክ ብሎ አየው። ከንፈሩ ታገለ፤ አንዷ ቃል እስክትወጣ ሌላዋ ትጠፋለች።

"ይ... ይሄን... ለ... ለዚያ... ሽማግሌ... ብለኸዋል" አለ።

ደግሞ ጨመረ። "ቀ... ቀናሁበት።"

ሌላንድ መሬት ሊውጠው ምንም አልቀረው። ለካ ሃስኬል ያንን ፊልም ደጋግሞ አይቶታል። ጨለማ ውስጥ ተቀምጦ፣ ልጁ ለማያውቀው ሽማግሌ ልቡን ሲሰጥ እያየ፣ በዚያ ሽማግሌ ይቀና ነበር።

ከዚያ በኋላ በነበሩት ቀናት ሌላንድ በቤቱ ውስጥ ዕቃ እንደጠፋው ሰው ተንቆራጠጠ። ተዘግቶ ወደቀረው የከብት ገበያ ሄዶ ሰገነቱ ላይ ቆመ፤ ሊናገር ሞከረ፤ የመጣለት የአባቱ የጨረታ ዜማ ነው። ተወው። "ከሰው የወሰድኩትን ሁሉ አንድ በአንድ ባወጣ ከሥር የሚቀር ሰው አለ ወይስ የለም?" እያለ ራሱን ይጠይቃል። እቤት ሲመለስ ደግሞ ሌላ ነገር ያያል። አባቱ ቃል ሲጀምር ኮራ ትጨርስለታለች። "ው..." ሲል "ውጭ መውጣት ነው? እሺ አባባ" ብላ ተሽከርካሪ ወንበሩን ትገፋለች። ፍቅሯ ነው፤ ድካሟም ነው። ሃስኬል ውሃ ፈልጎ ፀሐይ ላይ ይቀመጣል። አንድ ጊዜ ከደጅ ሆኖ ወደ ውስጥ ሲያይ ዓይኑ ከልጁ ዓይን ጋር ገጠመ። ያንን አስተያየት ሌላንድ ያውቀዋል፤ የገዛ ራሱ ነበር፣ የድሮው።

በማግስቱ ራት ላይ ሃስኬል እንደገና አንድ ነገር ሊል ከንፈሩን አንቀሳቀሰ። ኮራ "ሾርባው አቃጥሎህ ነው? ላብርደው" ብላ ሳህኑን ስታነሣ፣ ሌላንድ ሳያስበው እጇን ያዘ።

"ቆ... ቆ... ቆይ" አለ። "ይ... ይጨ... ይጨርስ።"

ኮራ ክው አለች። ወንድሟ እንዲህ ሲንተባተብ ከሰማች ብዙ ዘመን ሆኗታል። የአገሩ ሁሉ ጆሮ የሚያውቀው ያ ለስላሳ ድምፅ የት ገባ? ሌላንድም ራሱ ደነገጠ፤ አፉን በእጁ ሊሸፍን ቃጣው። ሃስኬል ግን በሚታዘዘው ግማሽ አፉ ፈገግ ብሎ ነበር። ጤነኛ እጁን ወደ ትሪው ዘረጋ። እዚያ ላይ አንዲት የበቆሎ ዳቦ ቁራሽ ቀርታለች። ማንኪያውን አነሳ።

"ማ... ማን... ይ... ይወስዳታል?"

ከዚያ ቆጠራ የለም። አንድ ጊዜም፣ ሁለት ጊዜም አላለም። ማንኪያውን አየር ላይ እንደያዘ ጠበቀ። ኮራ አፏን ስትከፍት በዓይኑ ከለከላት። ሌላንድ አፉን ከፈተ፤ አንገቱ ተገታተረ፤ አዛዡ መጣ፣ ዶክተሩ መጣ፣ ሁሉም "እኛ እንበልልህ" አሉት። አሳለፋቸው። ሾርባው ቀዘቀዘ። የሃስኬል ክንድ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ማንኪያው ግን አልወረደም።

"እ... እ... እ... እኔ።"

ማንኪያው ጠረጴዛውን መታ። "ተ... ተሸጠ" አለ ሃስኬል። ልጁ ዳቦዋን ሲበላ፣ ፍርፋሪውን ሳይቀር ከሳህኑ ሲለቅም አየና ግራ እንደተጋባ ሕፃን ቅንድቡን ሰበሰበ።

"ት... ትወዳለህ... እንዴ?"

"ሁ... ሁልጊዜ" አለ ሌላንድ፤ እንባውም መጣ። የማን እንባ እንደሆነ ለማጣራት ጊዜ አላገኘም። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ እየወደቀና እየተነሣ፣ በዚያ አውቶቡስ ደረጃ ላይ የቀረችውን "እፈራለሁ" ነገረው። ምሽቱ በዚህ አለቀ። ከሩቅ ለሚያይ ሁለት ሰዎች ምንም ያልተነጋገሩ ይመስል ነበር።

ሌላንድ ኋላ ወደ ሥራው ተመለሰ፤ ዛሬም በሰው ቃል ይናገራል፤ እንጀራው ነውና። ከመብራቱ ሲወጣ ግን ይንተባተባል፤ ሰውም ይገረማል። "እውነተኛው ምላስህ የትኛው ነው?" ብለው ሲጠይቁት "አ... አላውቅም" ይላል፤ ቃሉን እስኪጨርስ የሚጠብቀውን ሰው ግን ያውቃል።

ወዳጄ፣ የሰው ወርቅ አያደምቅም ይባላል። የተዋስነው ቃል ያምራል፣ ሕዝብ ያስለቅሳል፤ የገዛ አባታችን ደጅ ሲደርስ ግን "ይሄን ለሌላ ብለኸዋል" ያስብላል። የራሳችን ቃል ቢሰባበርም የሚደርሰው እሱ ነው። ነገር ግን ጥፋቱ የተናጋሪው ብቻ አይደለም። የሰውን ቃል ከአፉ ነጥቀን የምንጨርስ ስንቶች ነን? ወደን እናደርገዋለን፣ ቸኩለን እናደርገዋለን፤ ያ ሰውም ቀስ በቀስ የራሱን ትቶ የኛን ይናገራል። ፍቅር ማለት አንዳንዴ ማንኪያውን አየር ላይ ይዞ መጠበቅ ነው።

እስቲ ዛሬ ማታ የማዕዱን ዙሪያ ይመልከቱ። "አይወድም" ብለው ከደመደሙባቸው ሰዎች መካከል፣ እስከ ዛሬ "እኔ" ለማለት ጊዜ ያጣ ማን አለ?