ለአንድ ሐውልት የመጡ ሦስት ፎቶዎች

በአንድ ወቅት፣ ደሴ ገና ሁለት ፎቶ ቤት ብቻ በነበራት ዘመን፣ ይርዳው የሚባል የአውቶቡስ ሹፌር ነበር። ከደሴ ወልድያ፣ ከወልድያ ደሴ ሲመላለስ ሃያ ዓመት ሞላው። ቁመናው ያማረ፣ ንግግሩ ቁጥብ፣ ከንፈሩን ገጠም አድርጎ የሚሄድ ሰው ነበር። ሴቶች ይወዱታል፤ የሚወዱትም እርስ በርሳቸው አይዋደዱም። ይህ ሰው በአርባ ስድስት ዓመቱ ሦስት ቀን ታሞ ሞተ።

ሙት ዓመቱ ሲቃረብ እድርተኛው ተመካክሮ ሐውልት እንዲቆምለት ወሰነ። ሐውልት ሠሪው አቶ ዘለቀ ድንጋዩን ጠረበ፤ ስሙን ቀረጸ፤ ከስሙ በላይ ፎቶ የሚገባበት፣ የእንቁላል ቅርጽ ያለው ቦታ ፈለፈለ። ከዚያም «ፎቶ አምጡልኝ» ብሎ ላከ። የጠየቀው አንድ ነበር። ሦስት መጣለት።

መጀመሪያ የመጣችው ሚስቱ አሰገደች ናት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አብራው ኖራለች። ይዛ የመጣችው የሠርጋቸውን ፎቶ ነው፤ ከዚያ ቀን የተረፈው ብቸኛ ፎቶ። ይርዳው ጥቁር ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ሰዓቱ እንዲታይለት እጅጌውን ሰብሰብ አድርጎ፣ እንደ ምሰሶ ቀጥ ብሎ ቆሟል። እሷ ክንዱን ይዛለች። ግራ ጉንጩ ላይ የነበረው ትልቅ ጠባሳ ፎቶው ላይ የለም። ፎቶ አንሺው በእርሳስ አጥፍቶታል፤ ያጠፋውም ይርዳው ራሱ ለምኖት ነው። «ዛሬስ ሙሽራ ነኝ፤ ይችን ነገር አንሣልኝ» ሲለው አሰገደች በጆሮዋ ሰምታለች።

አቶ ዘለቀ ፎቶውን ወደ ብርሃን አስጠግቶ አየው።

«እመቤቴ፣ ሁለት ሰው አለበት። በሕይወት ያለ ሰው ደግሞ ሐውልት ላይ አላወጣም።»

«መቀስ ይኖርዎታል?»

«መቀስማ አለ። ግን ሌላ ቅጂ ከሌለዎት እባክዎ ያስቡበት።»

አላሰበችበትም። መቀሱን ተቀብላ የሠርጓን ፎቶ ከመካከል ቆረጠችው። እሷ በአንድ ወገን፣ እሱ በሌላ ወገን ቀሩ። የባሏን ክንድ የያዙት አራት ጣቶቿ ግን ከእሱ ጋር ሄዱ።

«እነዚህን ጣቶች ላጥፋቸው?» አላት አቶ ዘለቀ።

«እንዳይነኳቸው! የማን ናቸው ብሎ የሚጠይቅ ካለ ይጠይቅ።»

የራሷን ግማሽ አጣጥፋ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችና ሄደች።

በማግስቱ ታላቅ እህቱ እትዬ የሺመቤት መጣች። እናትና አባታቸው ሲሞቱ ይርዳው የአራት ዓመት ልጅ ነበር፤ እሷ አሥራ አምስት። ሁለት ጊዜ ለጋብቻ ተጠይቃ ሁለቱንም ጊዜ «ልጅ አለኝ» ብላ መለሰች። ልጅ ያለችው ወንድሟን ነው። የተቀበረበትም ቦታ የእሷ ነበር፤ ከእናት ከአባቷ ጎን ለራሷ ብላ ያስከለለችውን ለቀቀችለት። «አንቺስ?» ሲሏት «እኔ የትም ልውደቅ» ነው ያለችው።

እሷ ያመጣችው ከመንጃ ፈቃዱ ላይ ያላቀቀችውን ትንሽ ፎቶ ነው። ትከሻው ላይ የማኅተም ቀለም አርፎበታል። አይሥቅም፤ ዐይኑን አፍጥጦ ፊት ለፊት ያያል። ጠባሳው ከዐይኑ ሥር እስከ አገጩ ድረስ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ጠባሳው ደግሞ ታሪክ አለው። ይርዳው በዘጠኝ ዓመቱ፣ የጎረቤት ውሻ እህቱ ላይ ሲዘል ዱላ ይዞ መካከል ገባ። እሷ ተረፈች፤ የሱ ጉንጭ ተቀደደ።

እትዬ የሺመቤት የተቆረጠውን የሠርግ ፎቶ ጠረጴዛው ላይ አየችና «ይህ ማነው?» አለች።

«ወንድምዎ ነዋ» አላት አቶ ዘለቀ።

«የኔ ወንድም ጉንጩ ላይ ጠባሳ አለው። ይህን ሰው አላሳደግሁትም።»

ወሬው አሰገደች ጆሮ ደረሰ። እየሮጠች መጣች።

«እትዬ፣ ይሄ እኮ የፖሊስ ፎቶ ነው! ለትራፊክ ሲያሳየው የኖረውን ፊት መቃብሩ ላይ ልለጥፍበት?»

«ሃያ ዓመት በየኬላው ‹ማነህ?› ሲሉት ‹ይሄው እኔ ነኝ› ብሎ ያሳየው ይህንን ነው። ያንቺን የሠርግ ፎቶ ለማን አሳየ?»

«ጠባሳው ይጥፋልኝ ያለው እሱ ነው፤ እኔ አይደለሁም።»

«ላንቺ ብሎ ነዋ!» አለች እትዬ የሺመቤት። «ላንቺ ብሎ ያጠፋው ጠባሳውን ብቻ መሰለሽ? እኔን ነው ያጠፋኝ። ከሠርጉ ማግሥት ያንን ፎቶ ሳይ ነው የገባኝ።»

ሁለቱም ፎቷቸውን ትተው ሳይሰነባበቱ ሄዱ።

በሦስተኛው ቀን፣ ጠራራ ፀሐይ ላይ፣ የእድሩ ዳኛ ጋሽ እንድሪስ ነገሩን ሊያበርዱ ሁለቱን ሴቶች አቶ ዘለቀ ደጃፍ አስቀምጠው ሳለ፣ ፋናዬ የምትባል ሸማ ነጋዴ መጣች። የሰው ሚስት ናት። ያገሩ ሰው ሁሉ ያውቃታል፤ ከይርዳው ጋር የሚያገናኛትን ግን ከእትዬ የሺመቤት በቀር የሚያውቅ አልነበረም። በወጣትነታቸው ሊጋቡ ቃል ተገባብተው ነበር። እትዬ የሺመቤት «ከሸማኔ ልጅ ጋር አንጋባም» ብላ አስቀረችው። ይርዳውም ያሳደገችውን እህቱን ቃል ማለፍ አቅቶት ተወ።

ፋናዬ ፎቶዋን አውጥታ ከሁለቱ ፎቶዎች አጠገብ አስቀመጠችው። ይርዳው የሃያ ሁለት ዓመት ጎረምሳ ነው። ሸሚዙ አንገቱ ላይ ተከፍቷል፤ ካሜራውን ትቶ ወደ ጎን፣ ወደ አንድ ሰው ዞሮ ይሥቃል። ከንፈሩን ገጥሞ የኖረው ሰው የተሸረፈ የፊት ጥርሱ እስኪታይ ድረስ ይሥቃል። ወደ ጎን በመዞሩ ጠባሳው ከወዲያ ቀርቷል። ከጀርባው በራሱ እጅ ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦ «ፋናዬ፣ እኔ ይህ ነኝ። ለማስታወሻ ይሁንሽ።» ፋናዬ ይህን ፎቶ ከገዛ ሠርጓ ፎቶ ኋላ፣ ከክፈፉ ውስጥ ሸሽጋ ከሃያ ዓመት በላይ አቆይታዋለች።

አሰገደች ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ በግንባሩ ደፋችው።

«መቼ ነው የተነሣው?»

«አንቺን ሳያገባ በፊት። ካንቺ የወሰድኩት ነገር የለም።»

«ወስደሻል እንጂ! አሥራ ዘጠኝ ዓመት አንድ ቀን እንዲህ ሲሥቅ አላየሁትም። ይሄን ሣቅ የት አደረስሺው?»

ፋናዬ ወደ እትዬ የሺመቤት ዞረች።

«እርስዎ ሚስት አትሆኚም አሉኝ፤ አልሆንኩም። ለቅሶውንም እንደ ማንም ሰው ከኋላ ቆሜ ነው ያለቀስኩት። አሁን የምለምነው ሰውየውን አይደለም። አንድ ጊዜ ደስ ብሎት እንደነበር ሰው ይየው ነው የምለው።»

እትዬ የሺመቤት ፊቷን አዞረች። በልቧ ምን እንደነበረ እግዜር ይወቅ።

ወሬ ክንፍ አለው። ፀሐይ ሳትጠልቅ ለፋናዬ ባል ተነገረው። ፎቶውን የት ሸሽጋው እንደኖረች ጠይቆ ክፈፉን ፈታ፤ ባዶ ጀርባውን አየ። አልጮኸም፤ እጁንም አላነሣባትም። የሠርጋቸውን ፎቶ ከግድግዳው አውርዶ ከሣጥኗ ጋር በር ላይ አስቀመጠላት። ፋናዬ ሣጥኗን አሸክማ ወደ እናቷ ቤት ሄደች። የይርዳውን ፎቶ ግን ከአቶ ዘለቀ መልሳ አልወሰደችም። «ይቀመጥ፤ የሚሆነው ሆኗል» ብላ ላከች።

ጋሽ እንድሪስ በዘመናቸው የወሰን ጠብ ያስታረቁ፣ ደም ያደረቁ ሰው ናቸው። ሦስቱን ሴቶች እንደገና ሰበሰቡ።

«ልጆቼ፣ ሦስቱንም አሳንሰን ብናስገባቸውስ?»

«መቃብር እንጂ አልበም አይደለም» አለች አሰገደች።

«እንግዲያው ፎቶውን እንተወውና ስሙ ብቻ ይበቃዋል።»

«ፊት የሌለው ሰው አልቀበርኩም» አለች እትዬ የሺመቤት።

«ዕጣ እንጣል?»

«ቤቴን የለቀቅሁት ለዕጣ አይደለም» አለች ፋናዬ።

ጋሽ እንድሪስ ጺማቸውን ሲዳብሱ ቆዩና «መልካም፤ እናንተን ትቼ ሟቹን ልጠይቅ» አሉ። «ይርዳው ራሱ ተነሥቶ ቢመርጥ የቱን ይመርጥ ነበር?»

ያን ጊዜ ሦስቱም ባንድነት መናገር ጀመሩ። አንዷ በአፉ የለመነውን፣ አንዷ በየኬላው የመሰከረውን፣ አንዷ በእጁ የጻፈውን ቆጠሩ። የዋሸች አልነበረችም። ሦስቱም እውነታቸውን ነበር፤ ሦስቱም ግን የሌላዋን እውነት መስማት እንደ እሾህ ይወጋቸው ነበር። ጋሽ እንድሪስ ግራ ቀኙን አይተው ከዘራቸውን ይዘው ተነሡ። «ይህንን እኔ ብፈርደው ሁለቷ ይረግሙኛል፤ አንደኛዋም አታመሰግነኝም» ብለው ነገሩን ወደ ሰው ጣሉት።

ሙት ዓመቱ እሑድ ነው። ድንጋዩ ላይ በተፈለፈለው ቦታ የሚገባው ሸክላ ላይ ፎቶውን ለማተም አቶ ዘለቀ ሁለት ቀን ይፈልጋል፤ ዛሬ ደግሞ ዓርብ ነው። ሚስት የሠርጓን ቀን ቆርጣ ሰጥታለች። እህት የመቃብር ቦታዋን ሰጥታለች። ፋናዬ ደግሞ ትዳሯን። ከእንግዲህ በመቃብሩ አጠገብ የሚያልፍ፣ ይርዳውን በአካል ያላየ ሰው ሁሉ፣ «ለካ እንዲህ ያለ ሰው ነበር» የሚለው የተመረጠውን ፊት አይቶ ነው።

እንግዲህ ሰማችሁ። ፍርዱ የእናንተ ነው፦ ከሦስቱ የማንኛዋ ይርዳው ነው ድንጋዩ ላይ ሊወጣ የሚገባው?