አንድ ቆርቆሮ ለነጋሪቱ

ተረት ልንገራችሁ። አንበሳና ጦጣ የምትጠብቁ ካላችሁ ከወዲሁ ይቅርታ፤ በዚህ ተረት ውስጥ ያለው ሁሉ ደመወዝተኛ ነው።

በአንድ የመንግሥት የባህል ተቋም ወይዘሮ ስመኝ የምትባል የቅርስ ክፍል ጠባቂ ነበረች። በክፍሉ ውስጥ አራት ጎረምሳ የማያነሳው አሮጌ ነጋሪት አለ። ጠዋት ጠዋት ስትገባ በጣቷ ነካ ታደርገዋለች፤ እሱም «ድም» ይላታል። «እንደምን አደርክ» ትለውና ሥራዋን ትጀምራለች። ቆዳውን የወጠሩት ሰዎች ከሞቱ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል፤ እንደነሱ አድርጎ የሚወጥር ዛሬ የለም። በሐምሌ ወር አንድ ሐሙስ ነካ ብታደርገው «ቧ» አላት። ቀና ብትል ጣሪያው ተበሳስቷል።

«እኔን!» አለች። ነጠላዋን አለበሰችው፣ ሳፋ ደቀነችበት። በዚህ ስትደቅን በዚያ ይወርዳል። አንድ ቆርቆሮ፣ አንድ ብቻ፣ ነገሩን ይጨርሰው ነበር። ወደ ንብረት ክፍል ሮጠች።

«ጋሽ ድንቁ፣ አንድ ቆርቆሮ ይስጡኝ። ጣሪያው ያፈሳል፣ ነጋሪቱ ይርሳል።»

ጋሽ ድንቁ የተቀመጡት የቆርቆሮ ክምር ላይ ነው። «ቆርቆሮማ ሞልቷል» አሉ ክምሩን መታ መታ እያደረጉ። «ግን የዳይሬክተሩ ፊርማ ከሌለ አንዲት ሚስማር ከዚህ አትወጣም። ለመሆኑ ማፍሰሱን በምን አውቃለሁ? ማስረጃሽ የታለ?»

ስመኝ ተመለሰች፤ በሳፋው ቦታ ባልዲ ተክታ፣ ሳፋውን ከነውሃው ተሸክማ ወጣች። ማስረጃ ነዋ! እንዲህ ሆና ዳይሬክተሩ ዶክተር ልሳነወርቅ ዘንድ ገባች።

«ዶክተር፣ በእናትዎ ይፈርሙልኝ። እርስዎ ካልፈረሙ ጋሽ ድንቁ ቆርቆሮ አይሰጡም፤ ቆርቆሮ ከሌለ ጣሪያው ያፈሳል፣ ነጋሪቱ ይርሳል።»

ዶክተሩ ሳፋውን አይተው አዘኑ። ለማዘን ፊርማ አያስፈልግም። «እህቴ፣ ጣሪያ ማለት ሕንፃ ነው፤ የሕንፃ ጉዳይ ደግሞ የቦርዱ ሥልጣን ነው። እኔ መልካም አስተዳደር ላሰፍን መጥቼ የሰው ሥልጣን ልንካ? ቦርዱ ይወስን፤ እኔ ወዲያው እፈርማለሁ።»

ቦርዱ እንደ እድል ሆኖ በዚያው ቀን ተሰብስቦ ነበር። ተሰብስቦ ከምል ተቀምጦ ብል ይሻላል። አራት የተከበሩ ሰዎች፣ አራት የታሸገ ውሃ፣ አንድ ባዶ ወንበር። ከጠዋት ጀምሮ ባዶውን ወንበር ያያሉ። ስመኝ ሳፋዋን እንደታቀፈች በሩ ላይ ቆመች።

«ጌቶቼ፣ ወስኑልኝ። ቦርዱ ካልወሰነ ዶክተሩ አይፈርሙም፤ ዶክተሩ ካልፈረሙ ጋሽ ድንቁ ቆርቆሮ አይሰጡም፤ ቆርቆሮ ከሌለ ጣሪያው ያፈሳል፣ ነጋሪቱ ይርሳል።»

ሰብሳቢው አቶ ባንታየሁ መነጽራቸውን አወለቁ። «ልጄ፣ እኛማ መወሰን ናፍቆናል። ደንቡ ግን አምስት ሰው ካልሞላ ስብሰባ አይደለም ይላል። እኛ አራት ነን። አምስተኛው የሠራተኞች ተወካይ የሚባለው ነው፤ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ብቅ ብሎ አያውቅም! ሰባት ጊዜ ቀርቷል።»

ስመኝ ደሟ ፈላ። «ምን ያለ ደንታ ቢስ ነው! ቅርስ እየበሰበሰ የት ተጋድሞ ነው? እግሩ ይሰበር!»

«አሜን» አሉ አራቱም። በዚያ ቀን በሙሉ ድምፅ ያለፈው የመጀመሪያው ውሳኔ ይኸው ነው።

«ስሙ ማን ይባላል?»

«እሱን አናውቅም። የአባልነት ደብዳቤው መዝገብ ቤት ነው አሉ።»

በመንገዷ ወደ ነጋሪቱ ጎራ አለች። ነጠላዋ ጭምር ርሷል። ነካ ብታደርገው ምንም አላላትም። «ቧ» እንኳ ቀረ። እንባዋ መጣ፤ ሳፋዋን ይዛ እያለቀሰች ነው መዝገብ ቤት የደረሰችው።

«አቶ ሽብሩ፣ የዚያን የተወካዩን ደብዳቤ ለባለቤቱ ይስጡልኝ። ደብዳቤው ካልወጣ ተወካዩ አይመጣም፤ ተወካዩ ካልመጣ አምስት ሰው አይሞላም፤ አምስት ሰው ካልሞላ ቦርዱ አይወስንም፤ ቦርዱ ካልወሰነ ዶክተሩ አይፈርሙም፤ ዶክተሩ ካልፈረሙ ጋሽ ድንቁ ቆርቆሮ አይሰጡም፤ ቆርቆሮ ከሌለ ጣሪያው ያፈሳል፣ ነጋሪቱ ይርሳል!»

አቶ ሽብሩ የታሸገ ፖስታ ከመሳቢያ አወጡ። «ምስጢር» የሚል ማኅተም አርፎበታል። «ይኸው ነው። ባለቤቱ ራሱ መጥቶ ካልፈረመ አልሰጥም።»

«ባለቤቱ ማን ነው?»

«ምስጢር ነው።»

«ታዲያ ሰውየው ባለቤት መሆኑን በምን ይወቅ?»

«ውስጡ ተጽፏል።»

«እርስዎ አንብበውታል?»

«እኔ? የሰው ምስጢር ሳነብ ታይቼ አውቃለሁ?»

«ኧረ የሕግ ያለህ!» አለችና ስመኝ ሳፋውን ጠረጴዛው ላይ ጣለችው። ውሃው ተረጨ፤ ግማሹ አቶ ሽብሩ ላይ፣ ግማሹ ፖስታው ላይ። ሙጫው ለቀቀ። አቶ ሽብሩ እየተርበተበቱ ወረቀቱን አውጥተው እንዲደርቅ ጠረጴዛው ላይ አሰጡት። ዓይን መቼም አይታሰር፤ ሁለቱም አነበቡት። የሠራተኞች ተወካይ፣ ወይዘሮ ስመኝ ተካልኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ሠራተኛው ተወካይ ሲመርጥ ስመኝ ነጋሪቱን እየወለወለች ነበር። እንዲህ ያለ ምርጫ ላይ የሚመረጠው ደግሞ የሌለ ሰው ነው፤ እምቢ አይልማ! እጅ ወጣ፣ ስብሰባው ተበተነ፣ ሁሉም ምሳውን በላ። «ደብዳቤ ይደርሳታል» ተባባሉና ረሷት።

ስመኝ እግሯን ጎንበስ ብላ አየችው። «ውይ፣ እግሬን!» አለች።

«መታወቂያ» አሉ አቶ ሽብሩ ፊታቸውን እየጠረጉ።

መታወቂያዋን አሳየች፣ ፈረመች፣ ሮጣ ባዶው ወንበር ላይ ዘፍ አለች። አምስት ሰው ሞላ። አቶ ባንታየሁ በደስታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አጀንዳ አንድ። የሠራተኞች ተወካይ ሰባት ጊዜ ስለቀሩ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እንዲሰጣቸው። የምትደግፉ?»

አራት እጅ ወጣ። ስመኝ አፏን ከፈተች። ብትከራከር ጉዳዩ ለሚቀጥለው ስብሰባ ይተላለፋል፤ እስከዚያ ደግሞ ነጋሪት የለም። አፏን ዘጋች፤ የራሷን እጅ በራሷ ላይ አወጣች።

«በሙሉ ድምፅ። አጀንዳ ሁለት።»

ከዚያማ ምን ቀረ? አምስት ሰው ሞላ፣ ቦርዱ ወሰነ፤ ቦርዱ ወሰነ፣ ዶክተሩ ፈረሙ፤ ዶክተሩ ፈረሙ፣ ጋሽ ድንቁ ከክምሩ ተነሱ፤ እሳቸው ተነሱ፣ ቆርቆሮው ወጣ፤ ቆርቆሮው ወጣ፣ ጣሪያው ተከደነ።

ቆዳው ግን በውሳኔ አይደርቅም። ስመኝ በደረቅ ጨርቅ እያበሰች፣ በሩን ለነፋስ ከፍታ ሰነበተች። በአምስተኛው ቀን ጠዋት እየፈራች በጣቷ ነካችው።

«ድም» አላት።

«እንደምን አደርክ» አለችውና ሥራዋን ጀመረች።

ማስጠንቀቂያውስ አትሉም? ተጽፏል፣ ተፈርሟል፣ «ምስጢር» የሚል ማኅተም አርፎበት አቶ ሽብሩ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል። ባለቤቷ ራሷ መጥታ እስክትፈርም ይጠብቃል። ማን እንደሆነች ስመኝ አልጠየቀችም።

እኔ ተረቴን አስረክቤያለሁ፤ እናንተ ፈርማችሁ ተረከቡኝ።