የተደፉት ጋኖች

አንዲት ሴት ነበረች። ጥያቄሽን አልረሳሁትም፣ ልጄ፤ «እማሆይ፣ ገበያ ላይ የሚበረክተውን ዕቃ ከማይበረክተው በምን ልለይ?» ነው ያልሽኝ። እመልስልሻለሁ። መጀመሪያ ግን ይህችን ሴት ስሚልኝ። ደብሬ ትባል ነበር።

ደብሬ ክፉ ሴት አልነበረችም። ቤቷ ንጹሕ ነው፣ እጇ ሥራ አይፈራም፣ ባሏም ጭምት ገበሬ ነው። አንድ ችግር ብቻ ነበረባት፤ ጎረቤቷ አትጠገብ። አትጠገብ ምን አደረገቻት ብትዪኝ፣ ምንም። ጥፋቷ ጥሩ ጋን መያዟ ነው።

የጠላ ጋን ነው፤ ሆዱ ሰፊ፣ አንገቱ አጭር፣ በወይራ ጭስ የጠቆረ። አትጠገብ ጎጆ የወጣች ጊዜ ገዝታው አሥራ ዘጠኝ ዓመት አገልግሏታል። በእነዚያ ዓመታት ውስጥ ደብሬ ስንት ጋን እንደገዛች እሷም አታውቀው። ገበያ ትወጣለች፣ ፊት ለፊት ያገኘችውን ታነሣለች፣ ተከራክራ ዋጋ ታስቀንሳለች፣ ተሸክማ ትመጣለች፤ ዓመት ሳይሞላው ይነቃል። ጓሮዋ በገል ከመሙላቱ የተነሣ ዶሮዎቿ እንኳ ውኃ የሚጠጡት በጋን ስባሪ ነበር።

ይህ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። በመንደሩ ማኅበር የደረሰው፣ ተዝካር ያለበት ሁሉ የአትጠገብን ጋን ይዋሳል። ጠላው ሲቀዳ ደግሞ ሰዉ አንዴ ጎንጨት ይልና «ይሄማ በአትጠገብ ጋን የተጠመቀ ነው» ይላል። ደብሬ ይህን በሰማች ቁጥር ውስጧ ይቃጠላል። አንድ ቀን የገዛ ባሏ እሷ የቀዳችለትን ጠላ ይዞ «ጋኑ ነው እንጂ፣ እጅሽስ ደህና ነበር» አላት። ማጽናናቱ ነበር፣ ምስኪን። ሦስት ቀን አላናገረችውም።

ስትተኛም ስትነሣም የምታስበው ያንን ጋን ሆነ። ባለቤቷ አትጠገብ እንኳ ያን ያህል አስባው አታውቅም። ደብሬ በአጥሩ ቀዳዳ አሻግራ ጋኑ ተደግፎ የሚቀመጥበትን ጥግ ታያለች፤ «ይሄኔ ታጥበዋለች፣ ይሄኔ ታጥነዋለች» ትላለች። አንዳንዴም፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበላትና፣ ጥጃ ገብቶ በረገጠው ብላ ትመኛለች።

እንዲህ እያለች የበኩር ልጇ ለጋብቻ ተጠየቀች። ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ እንዲሆን ተቆረጠ። የወንዱ ወገኖች ከወንዝ ማዶ ናቸው፣ ስም ያላቸው ሰዎች፤ ዘመድ አዝማዳቸውን አስከትለው ይመጣሉ። ደብሬ ከዓመት ቀለቧ ቀንሳ ገብሱንም ብቅሉንም አዘጋጀች። ጌሾው ተወቀጠ። የቀረው ጋን ነው።

«የአትጠገብን ብንዋስስ?» አለ ባሏ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ።

«በሷ ጋን ልጄን ከምድራት ሞቼ ልገኝ!» አለች ደብሬ። «ሙሽራዋ የኔ፣ እህሉ የኔ፣ ድካሙ የኔ፤ ምስጋናው የሷ ሊሆን? ለመሆኑ አንተ ከማን ወገን ነህ?»

ሰውዬው በሬዎቹን ለማየት ወጣ።

ሠርጉ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ደብሬ አህያዋን እየነዳች ገበያ ወረደች። ሸክላ ተራ ስትደርስ ማንን ብታይ ጥሩ ነው? አትጠገብን። አንዲት ሸክላ ሠሪ ፊት ቁጢጥ ብላ ጋን ትመርጣለች። ደብሬ ባለችበት ቀጥ አለች። «አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያገለገላት እያለ ሁለተኛ ልትጨምርበት! በልጄ ሠርግ ሰሞን! ስሜ ሲጠፋ ስሟ እንዲነሣላት ነው» አለች በሆዷ። ነገሩ ሁሉ የገባት መሰላት። ከእህል ነጋዴዎቹ ጆንያ ኋላ ገብታ ታያት ጀመር።

አትጠገብ አንዱን ጋን አነሣች። ሆዱን በጣቷ አንጓ መታ መታ አድርጋ ጆሮዋን ወደ አፉ አስጠጋች። እጇን እስከ ክርኗ አስገብታ ውስጡን ዳበሰች። ከዚያም ገለበጠችና አፉን ወደ መሬት ደፍታ አስቀመጠችው። ሁለተኛውንም እንዲሁ አድርጋ ደፋችው። ሦስተኛው ላይ በቅል ይዛው የመጣችውን ውኃ ጨምራበት ብዙ ቆየች፤ ሰው በአጠገቧ እየገፋት ያልፋል፣ እሷ ዓይኗን ከጋኑ አታነሣም። በመጨረሻ ውኃውን አፍስሳ እሱንም ከሁለቱ ጎን ደፋችው።

«አገኘሁሽ!» አለች ደብሬ ለራሷ። «የመረጥሽውን ሌላ ሰው እንዳያይብሽ አፉን ደፍተሽ ትደብቂያለሽ!»

አትጠገብ ባዶ ቅሏን ይዛ ውኃ ልትቀዳ ወደ ምንጩ ሄደች። ደብሬ ይህን ነበር የምትጠብቀው። ከተደበቀችበት ወጥታ እየተጣደፈች ሸክላ ሠሪዋ ፊት ደረሰች።

«እነዚህን ሦስቱን ስጪኝ።»

ሸክላ ሠሪዋ ቀና ብላ አየቻት። «የተደፉትን? እትዬ፣ እነሱ እኮ...»

«እኮ ምን? ለሷ ያስቀመጥሽላት ናቸው? የኔ ገንዘብ ገንዘብ አይደለም?»

«ኧረ እንደሱ አይደለም! እነሱ ለ...»

«ለማን እንደሆኑማ አውቃለሁ! ይልቅ ዋጋሽን ንገሪኝ።»

ሸክላ ሠሪዋ ትከሻዋን ነቅነቅ አድርጋ ዋጋውን ነገረቻት፤ የሌሎቹ ግማሽ ነው። ደብሬን ይህም አላስጠረጠራትም። ይልቁንም አትጠገብ በምላሷ አለስልሳ ያስቀነሰችው መሰላትና የባሰ ተናደደች። ሁለቱን ጋን አህያዋ ላይ ጫነች፣ ሦስተኛውን ጀርባዋ ላይ አዘለች። ከገበያው ስትወጣ ዞር ብላ አየች። አትጠገብ ከምንጩ ተመልሳ፣ አንድ ጠቆር ያለ፣ ጎኑ ትንሽ ጎበጥ ያለ ጋን ታንኳኳለች፤ መልኩ እንኳ ዓይን የማይሞላ። «ምርጡን ቀማኋት፤ ለሷ ትራፊው ደረሳት» አለች ደብሬ። ጀርባዋ ላይ ያዘለችው ሸክም ሳይከብዳት፣ ዳገቱን ሁሉ እያንጎራጎረች ወጣችው።

ቤቷ ገብታ ጋኖቹን አጠበች። ውኃ ስትሞላባቸው ውጫቸው ረጠበ።

«እማዬ፣ ያንጠባጥባል» አለቻት ሙሽራዋ።

«አዲስ ሸክላ ያልበዋል፤ አንቺ ምን ታውቂያለሽ» አለቻት።

እውነት ነው፣ አዲስ ሸክላ ያልበዋል። ይሄ ግን ላብ አልነበረም። ደብሬ በወይራ አጠነቻቸውና ጌሾዋን ጠነሰሰች፤ ቀኑ ሲደርስ ብቅሏንና ገብሷን ጨመረች። ወፍራሙ ድፍድፍ ስንጥቁን ስለደፈነው ነገሩ ለጊዜው ደህና መሰለ። በአጥሩ ቀዳዳ ስታሻግርም እንደ ወትሮዋ አልተቃጠለችም። «ትንሽ ቀን ታገሺኝ፤ የማን ጋን እንደሚወራለት እናያለን» ትላለች።

ሠርጉ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ረፋዱ ላይ፣ የመጨረሻውን ውኃ እስከ አንገታቸው ሞላችባቸው። እንስራዋን ገና ከእጇ ሳታስቀምጥ አንደኛው ጋን ሆዱ ላይ ለሁለት ተከፈለ። ሁለቱ ደግሞ በየጎናቸው ማፍሰስ ጀመሩ። የዓመቱ ገብስ ወለሉን አጥለቀለቀው። ዶሮዎቹ ከጓሮ መጥተው ጠጡት፤ አውራው እየተንገዳገደ ያለ ሰዓቱ ይጮህ ጀመር። ሌላ ቀን ቢሆን ያስቅ ነበር። ደብሬ እርጥቡ ላይ ቁጭ ብላ ደረቷን ትመታለች። ሙሽራዋ ማንንም ሳታስፈቅድ አጥሩን ተሻግራ አትጠገብ ዘንድ ሮጠች።

አትጠገብ መጣች። እሷና ባሏ አንድ ጋን ይዘው ነበር የመጡት፤ ያንን ጠቆር ያለውን፣ ጎኑ የጎበጠውን። ተሟሽቷል፣ ታጥኗል፣ አፉ በንጹሕ ጨርቅ ተሸፍኗል። አትጠገብ ምን ሆናችሁ ብላ አልጠየቀችም። ከሚያፈሱት ከሁለቱ ጋኖች የቀረውን በቅል እየቀዳች ወደዚህኛው ገለበጠችው። ጋኑ ሞላ። አንዲት ጠብታ እንኳ አልወጣውም።

«ይኸውልሽ፣ እታለም» አለች እጇን እያደራረቀች። «ለልጅሽ ለጎጆዋ ብዬ የገዛሁት ነው። የሠርጉ ለት ላመጣላት ነበር፤ እንግዲህ ቀድሞ መጣ።»

ደብሬ ቀና ሳትል፣ «ያን ለት ገበያ» አለች፤ «ሦስቱን ጋኖች ለምን ደፋሻቸው?»

«አይተሽኝ ነበር እንዴ? ምነው ታዲያ ሳትጠሪኝ!» አለች አትጠገብ። «ስለማይረቡ ነዋ የደፋኋቸው። ስትመቻቸው ድምፃቸው የታፈነ ነው። ውኃ የማይችለውን ሁልጊዜም ደፍተነው እንሄዳለን፣ የሚቀጥለው ገዢ እንዳይታለል። ደረቅ እህል ለማስቀመጥ የፈለገ በግማሽ ዋጋ ይወስደዋል። ይህን የማያውቅ ሰው አለ እንዴ?»

ነበረ። ስንት ዘመን ሸክላ ተራ የተመላለሰች ሴት፣ አንድም ቀን ረጋ ብላ ቆማ አይታ አታውቅም ነበር። የቆመችው ያን ቀን ብቻ ነው፤ ያን ቀንም የተመለከተችው አትጠገብን ነው እንጂ ጋኑን አይደለም።

ሠርጉ እንደ ምንም ተደገሰ። የተረፈው አንድ ጋን ጠላ ስለነበር ቶሎ አለቀ፤ ከወንዱ ወገን ብዙዎቹ ባዶ ዋንጫ ይዘው ተያዩ። የደረሳቸው ግን «እንዲህ ያለ ጠላ በየት አገር ይጠመቃል?» አሉ። ሙሽራዋ ስትሸኝ ጋኑም ከኋላዋ ተጭኖ ሄደ። ደብሬ በሯ ላይ ቆማ እያለቀሰች ሸኘች። ሰዉ ለልጇ ያለቀሰች መሰለው። እኔ ግን እውነቱን ልንገርሽ፤ ግማሹ ለጋኑ ነበር። ያ ጋን ልጇ ጎጆ ውስጥ ሃያ ዓመት ሊቀመጥ ነው፤ በሱ የተጠመቀውን ጠላ ሰው ሊያመሰግን ነው። ደብሬ በገዛ ልጇ ቀናች።

እንግዲህ አንቺ በምን ልለይ አልሽኝ፣ ልጄ። ማንኳኳቱን፣ መዳበሱን፣ ውኃ ሞልቶ መጠበቁን በግማሽ ቀን አስተምርሻለሁ። ጫማም ሲሆን ስፌቱን ማየት፣ ሶሉን ማጠፍ፣ ልብሱን ገልብጦ ውስጡን መመርመር ምንም አይከብድም። ደብሬም ጆሮ ነበራት፣ እጅም ነበራት። ግን አንድ ጊዜ እንኳ እጇን ጋኑ ላይ ሳታሳርፍ፣ የሌላ ሰው እጅ የት እንደሚያርፍ ስትጠብቅ ነው ገበያው ያለፈባት። በሌላ ሰው ቀንቶ የተቃጠለ ሰው የነቃ ጋን ቢያንኳኩለትም አይሰማም።

አንቺም ባለፈው ስትመጪ፣ ከሥራ ባልደረባሽ ጫማ ሌላ ያወራሽልኝ ነገር አልነበረም። ከዚያ በፊት ቦርሳዋን ነበር። ዛሬ በራፌ ላይ ያወለቅሽውን ጫማ አይቼዋለሁ፤ ከጥምቀት ወዲህ ሦስተኛሽ ነው፣ አፍንጫውም ተከፍቷል። ያቺ ልጅ አትጠገብ ናት፤ ስላንቺ አስባም አታውቅ ይሆናል። ጫማው የተደፋው ጋን ነው። ደብሬ ማን እንደሆነች አልነግርሽም። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ፤ ያቺ ልጅ ከነጭራሹ ባትፈጠር ኖሮ፣ ያንን ጫማ ከመደርደሪያው ላይ ታነሺው ነበር?