የተቀባው ግድግዳ

ቤቱ የሰመጠበት አንድ ሰው ነበረ።

መርዕድ ልጄ፣ «መጠጥ ካቆምኩ ሦስት ዓመት ሆነኝ፤ ድሮ ሰካራም እንደነበርኩ ለትርሲት ሳልነግራት ባገባት ምን አለበት?» ብለህ ጠይቀኸኛል። መልሴ የዚህ ሰው ነገር ነው።

ሰውየው ቤቱን የሠራው መረሬ ላይ ነው። ይህ ጥቁር አፈር በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። አንድ ዓመት የቤቱ አንድ ማዕዘን ሰመጠ፤ ግድግዳውም ከመስኮቱ እስከ ወለሉ ተሰነጠቀ። ሰውየው ያለውን ሁሉ አውጥቶ መሠረቱን እስከ ጠንካራው መሬት አስቆፈረና በድንጋይ አስደገፈው። ግንበኛው ሲጨርስ ስንጥቁን አቋርጦ ሦስት ቦታ ጀሶ ለጠፈ፤ በየጀሶውም ላይ ቀኑን በምስማር ጻፈ። «መሬቱ ከተንቀሳቀሰ ይህ ጀሶ ይሰነጠቃል» አለው።

አምስት ክረምት አለፈ። ጀሶው አልተሰነጠቀም። ሰውየው ግን ዝናብ በመጣ ቁጥር ጀሶውን ሲያይ ያድራል፤ ቤቱ ዳግመኛ ቢሰምጥ የሚጠግንበት አቅም የለውም፤ ልጆቹን የሚያስጠጋበትም የለው። ስለዚህ ቤቱን ኢንሹራንስ ሊያስገባ ሄደ። «ሰምጦ ያውቃል?» አሉት። «አዎ» አለ። ሌላ ሳይጠይቁ ባዶ እጁን ሸኙት።

ሚስቱ፣ «ግድግዳው አፍ የለው፤ አንተን ምን አናገረህ?» አለችው። እውነቷን መሰለው። ግድግዳውን ከነጀሶው በስቱኮ ደፍኖ ቀለም ቀባና ሌላ የኢንሹራንስ ድርጅት ጠራ።

ቤት የምትመረምር ሴት መጣች። ዞር ዞር ብላ አየችና ሣቀች። «ጋሼ፣ ሦስቱ ግድግዳ ጭስ ጠግቦ ይሄኛው ብቻ ሙሽራ መስሏል! ምን ሆኖ ነው?»

ሰውየው፣ «ቡና ይፈላልሽ» ብሎ ወንበር ሳበላት። እሷም ደብተሯን አጠፈች። «እንግዲህ ያላየሁትን አልፈርምም» ብላ ወደ በሩ ሄደች።

ያን ጊዜ ሰውየው ቢላዋ አነሣና ግድግዳውን ይፍቅ ጀመር። ሁለቱ ጀሶዎች ከስቱኮው ጋር አብረው ተላቅቀው እጁ ላይ ፈረሱ። ሦስተኛውን በጥፍሩ ቀስ እያለ ገለጠው። ቀኑ ይነበባል፤ ጀሶውም ደህና ነው። ሴትየዋ ተመልሳ ጣቷን አሳለፈችበት። «ይሄንን ነው የደበቁኝ?» አለችው። ወጥታ መሠረቱንም አየች፤ ከዚያ ፈረመችለት። ሰምጦ የሚያውቅ ቤት ነውና ከጎረቤቶቹ አስበልጠው ያስከፍሉታል። እሱም ሳያጉረመርም ይከፍላል።

አንተም እንዲሁ ነህ፣ ልጄ። ስንጥቅህን ስትደፍን ሦስቱን ዓመትህንም አብረህ ትደፍናለህ። ትርሲት ነገ ከሌላ ሰው ብትሰማ ሰካራሙን ታውቀዋለች፤ በየሠርጉ ብርጭቆ ሲታደል «ለእኔ ውኃ» እያለ ሲሳቅበት የኖረውን ሰው ግን ማን ይነግራታል? አንተው ንገራት። ልትተውህ ትችላለች፤ በዚህ አልዋሽህም። ብታገባህም አምሽተህ በገባህ ቁጥር ከሌሎች ሚስቶች ይልቅ አጥብቃ ትጠይቅሃለች፤ ጠጋ ብላ አፍህን ታሸታለች። ያን ጊዜ አትቆጣ። ተንፍስላት።