ከባሕሩ መካከል የተመለሰው አብራሪ

«አንድ አብራሪ ነበረ» ብለው ጀመሩ መምህር ፍሥሐ ጽዮን።

ጠያቂያቸው ባዩሽ የምትባል ድልድይ ሠሪ መሐንዲስ ነበረች። ለድልድዩ ምሰሶ ስድስት ሜትር ተቆፍሮ ዐለት ካልተገኘ ሲሚንቶ እንደማታፈስ ሥራው ሳይጀመር ጽፋ ነበር። ስድስት ሜትር ተቆፈረ፤ የተገኘው ጭቃ ነው። ሥራውን አስቆመች። የምረቃውን ቀን አስቀድሞ ያስነገረው የወረዳው ሹም በሕዝብ ፊት «ፈሪ!» አላት። ከዚያ በቀጥታ ወደ መምህሩ መጥታ «የጀመረውን ትቶ የተመለሰ ሰው ፈሪ ነው ወይ?» ስትል ጠየቀቻቸው። እርሳቸውም እንዲህ ሲሉ ነገሯት።

አንድ አብራሪ ነበረ። የሚያበራት አውሮፕላን ባለ አንድ ሞተር፣ ከአራት ሰው በላይ የማትይዝ ትንሽ ነበረች። ባለቤቷ አንድ ሀብታም ነው። ይህ ሀብታም በዚያች ትንሽ አውሮፕላን መርከብ እንኳ እምብዛም የማያልፍበትን ሰፊ ባሕር አቋርጦ ወደ ሌላ አገር መሻገር አማረው። አብራሪውም ነገሩን ወደደው፤ እንዲያውም ከጌታው ይልቅ የጓጓው እሱ ነበር።

ሁለት ወር ሙሉ ተዘጋጀ። ከሁለቱም አገሮች ፈቃድ ለማግኘት ደጅ ጠና። በአየር የሚነፋ ጀልባ ገዝቶ፣ ሐይቅ ውስጥ ገብቶ፣ ልብሱ እስኪበሰብስ ሞከረው። ትርፍ የነዳጅ ታንክ አስገጠመ። ነዳጁ ዐሥር ሰዓት ያስኬዳል፤ ባሕሩ ነፋስ ከሌለ በሰባት ሰዓት ይታለፋል። በመካከሉ የሚያርፉበት ደሴት የለም። ስለዚህ ካርታውን ዘርግቶ ከባሕሩ እኩሌታ ላይ በቀይ እርሳስ አሰመረና «እዚህ ለመድረስ ከአራት ሰዓት ተኩል በላይ ከፈጀብኝ እመለሳለሁ» ብሎ ጻፈ። ለጌታው አሳየው። ጌታው ሳያነበው «ጥሩ ነው፣ ጥሩ ነው» አለ።

የመነሻው ቀን ደረሰ። ጋዜጠኞች ፎቶ አነሷቸው። በወዲያኛው ዳርቻ ድንኳን ተተክሎ፣ ሰንጋ ተጥሎ ይጠበቃሉ። በማለዳ ተነሡ። ባሕሩን ከያዙ በኋላ ግን ነፋስ ከፊት ለፊት ገጠማቸው። አብራሪው ከፍ ብሎ ሞከረ፤ ዝቅ ብሎም ሞከረ። ነፋሱ ያው ነው። ቀይ መስመሩ ላይ ሲደርሱ ከተነሡ አምስት ሰዓት ሆኗቸው ነበር።

«እንመለሳለን» አለ አብራሪው።

«ምን ሆነሃል? ሞተሩ ደህና፣ ታንኩ ግማሽ!»

«የቀረን መንገድ ግማሽ ነው፤ ነዳጁም ግማሽ ነው። ነፋሱ ትንሽ ከበረታ ባሕር ላይ እንወድቃለን። ከተመለስን ግን ነፋሱ ከኋላ ሆኖ በሦስት ሰዓት ያደርሰናል።»

«ሰው እየጠበቀኝ! መሳቂያ ልታደርገኝ ነው? ዛሬ ከተመለስህ ከእኔ ዘንድ እንጀራህ አበቃ!»

አብራሪውም «እንጀራዬን ይውሰዱት፤ መሪውን ግን አይነኩም» አለው። «ይህን መስመር ያሰመርሁት መሬት ላይ፣ ልቤ ረግቶ ሳለ ነው። አሁን እርስዎ ቸኩለዋል፤ እኔም አፍሬአለሁ። የቸኮለና ያፈረ ሰው ተማክሮ ምን ይወስናል? የረጋው ሰው ወስኗል።»

ይህን ብሎ አውሮፕላኗን አዞረ።

ሲያርፉ ሜዳው ላይ የቆየው ሰው ሁሉ ሳቀባቸው። አንዱ «ፈራህ እንዴ?» ብሎ ጮኸ። አብራሪው ከክንፉ ሥር ቆሞ፣ አንገቱን ቀና አድርጎ፣ «አዎን፣ ባሕሩን ፈርቻለሁ። እናንተን ግን አልፈራሁም!» አለ። ጌታው እዚያው አባረረው።

«ቢቀጥሉስ ኖሮ ይደርሱ ነበር?» አለች ባዩሽ።

«ማን ያውቃል?» አሉ መምህሩ። «ምናልባት ይደርሱ ነበር። ያባረረው ሰው ተጸጽቶ ይቅርታ አልጠየቀውም፤ እሱም ይቅርታ አልጠበቀም። ከአንድ ወዳጁ ያረጀች አውሮፕላን ተውሶ ጠገናት፤ ፈቃዱን እንደገና አወጣ፤ ካርታውንም እንደገና አሰመረ። ነፋሱ እስኪበርድ ዐሥራ አንድ ቀን ጠበቀ። በዐሥራ ሁለተኛው ቀን ብቻውን ተነሣ፤ መስመሩን በአራት ሰዓት ውስጥ አለፈና ተሻገረ። በወዲያኛው ዳርቻ ድንኳንም ሰንጋም አልነበረም።»

«ነፋሱ እንደገና ቢመጣበትስ?»

«እንደገና ይመለስ ነበራ! እስኪሻገር ድረስ ይመለስ ነበር።»

ከዚያ መምህሩ ወደ እርሷ ዞሩ።

«ልጄ፣ አብራሪው አንቺ ነሽ። ሹሙ ከኋላሽ ተቀምጦ የሚጮኸው ሀብታም ነው፤ የሚሳፈርበትን አያውቅም፤ የሚያውቀው የሚጠብቀውን ድግስ ነው። ፈሪ ማለት የተመለሰ ሰው አይደለም። ፈሪ ማለት ጭቃ መሆኑን እያየ፣ ሰው እንዳይስቅበት ብሎ ሲሚንቶ የሚያፈስ ነው። በዚያ ድልድይ ላይ የሚሻገሩት ሕፃናት ስለ ምረቃው ቀን ምን ገደዳቸው? እንግዲህ ነገ ሹሙ ሲመጣ አንገትሽን አትድፊ። ‹አዎን፣ ጭቃውን ፈርቻለሁ› በይው። ከዚያ ጀርባሽን ስጪውና ዐለት ያለበትን ቦታ ፈልጊ።»