ለሰርግ የተተከለው የልቅሶ ድንኳን

አቶ ሽመክት የሰፈሩ እድር ሊቀመንበር ከሆኑ ወዲህ እድሩ የእሳቸው፣ ሸክሙ የአባላቱ ሆነ። የእድሩ ድንኳን ለልቅሶ ካልሆነ አይተከልም የሚለውን ደንብ ያስጸደቁት ራሳቸው ናቸው። ድንኳን ተተክሎ እያየ ልቅሶ ያልደረሰ ይቀጣል የሚለውንም የጨመሩት እሳቸው ናቸው። በዚህ ደንብ አንዲት በርበሬ ነጋዴ ባልቴት ታማ በተኛችበት እንኳ ተቀጥታለች። ሴትዮዋ ምላሷ ከበርበሬዋ ይበልጥ ይፋጃል ይባልላታል፤ ያን ጊዜ ግን ቅጣቷን ተቀብላ ዝም አለች።

አቶ ሽመክት ልጃቸውን ሲድሩ ያንኑ ድንኳን ግቢያቸው ውስጥ አስተከሉ። ባልቴቲቱም ነጠላዋን አዘቅዝቃ ገባችና ከአማቾቹ ፊት ተቀምጣ ደረቷን እየደቃች ታለቅስ ጀመር። ጭፈራው ቆመ።

«አንቺ ሴት፣ ምን ሟርት ነው ይሄ?» አሉ አቶ ሽመክት። «ድንኳኑን እንድወስድ ኮሚቴው ፈቅዶልኛል።» ኮሚቴው የሚስታቸው ወንድምና አበልጃቸው ናቸው፤ ሁለቱም ጠጃቸውን እንደያዙ «አዎ፣ ፈቅደናል» አሉ። «አሁኑኑ አማቾቼ ፊት ይቅርታ ጠይቂኝ። አለዚያ ከእድሩ ትሰረዣለሽ፤ ስትሞቺም ቀባሪ አታገኚም።»

«ጌታዬ፣» አለች ባልቴቲቱ እንባዋን እየጠረገች፣ «ድንኳኑን አይቼ ብቀር ይቀጡኛል፤ ብመጣ ይሰርዙኛል። እኔ የማውቀው ያወጡልንን ደንብ ነው። ይህ ድንኳን ከቆመ ወይ ሰው ሞቷል፣ ወይ ደንቡ ሞቷል። የሞተውን ይንገሩኝና ስሙን ጠርቼ ላልቅስ።»