የረግረጉ ባለሙያዎች እቁብ

አንድ ጊዜ፣ ጨው እንደ ገንዘብ በሚቆጠርበት የእንስሳት አገር፣ ስፌት የምትሰፋ አንዲት ጃርት ነበረች። ወስፌ ገዝታ አታውቅም። ከጀርባዋ አንድ እሾህ መዘዝ ታደርግና ሞሰቡን፣ ሙዳዩን፣ ሰፌዱን በሱ ትሰፋዋለች። ሥራዋን ያየ ሁሉ «እጅሽን ይባርከው» ማለት ነበረበት። ግን ማን ያውቃታል? ገበያ ላይ የሞሰቡ ስም «የአያ ጅቦ ሞሰብ» ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የስፌቱ ሣርም ሆነ የሸክላው ጭቃ የሚገኘው ከአንድ ረግረግ ነው። ረግረጉ የአያ አንበሶ ነው፤ በየዓመቱ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ በአንድ ስልቻ ጨው ያከራየዋል። ያን ያህል ጨው ያለው ደግሞ ጅብ ብቻ ነበር። ስለዚህ ሣሩንና ጭቃውን ለባለሙያዎቹ በዱቤ ይሰጣል፤ ሠርተው ሲጨርሱ ዕቃውን ጠራርጎ ይወስድና ለያንዳንዳቸው አንዲት ጉማጅ ጨው ይወረውርላቸዋል። እነሱም ጉማጇን ቤት ሳያደርሱ መንገድ ላይ ልሰው ይጨርሷታል። አይፈረድባቸውም፤ ጨው ይዞ የማይልስ እንስሳ የት ተገኝቶ!

ክረምት ሊገባ ሲል ጅብ ጃርት ብዙ የደከመችበትን ሞሰብ ሊወስድ መጣ።

«አያ ጅቦ፣ ይቺን እንኳ እኔው ገበያ አውጥቼ ልሽጣት» አለችው።

«በማን ሣር?» አለ ጅብ እየሳቀ። «ሣሩ የኔ፣ ሞሰቡም የኔ! አንቺ ያለሽ እሾህሽ ብቻ ነው።»

ሞሰቡን አንጠልጥሎ ሄደ። ጃርት በንዴት ተነሣች። ያን ዕለት ማንንም ሳታይ በቀጥታ ወደ ሸክላ ሠሪዋ ወደ እሜት አህዪት ቤት ገሰገሰች።

«እሜት አህዪት፣ ዘንድሮ ረግረጉን እኛው እንከራየው።»

«በምናችን? እኔ እንደሆነ ጨው ካየሁ ምላሴ አያርፍም።»

«የኔስ መቼ ያርፋል! ለየብቻችን ካስቀመጥነው እንልሰዋለን። እቁብ እንግባ፤ ጨዉን ርግብ ትያዝልን።»

ርግብ የምትኖረው ከገደሉ ወገብ ላይ ካለ ንቃቃት ውስጥ ነው። እግር ያለው አይደርስበትም፤ እሷም ለጥሬ እንጂ ለጨው ደንታ የላትም። አይጥም፣ ሽኮኮም፣ ጦጣም፣ የረግረጉ ባለሙያ ሁሉ ገባ። ክረምቱን ሙሉ ከጉማጃቸው ግማሹን እየላሱ ግማሹን ለርግብ ሰጡ። የያንዳንዱ መዋጮ ትንሽ ነው፤ ባለሙያው ብዙ በመሆኑ ግን አንድ እጣ ስልቻ ይሞላል። የመጀመሪያውን እጣ በጳጉሜ ሊያወጡ፣ የደረሰውም በሁሉ ስም ረግረጉን ሊከራይበት፣ አህዪትንም ዳኛ ሊያደርጉ ተስማሙ።

ወሬው ቀበሮ ጆሮ ገባ። ቀበሮ ደግሞ ወሬ በነጻ አያወራም።

«አያ ጅቦ» አለ ለስለስ ብሎ፣ «እቁቡን ግባ። ብዙ እጣ የገዛ ዕድሉ ሰፊ ነው። ለኪራይ ያስቀመጥከውን ጨው በሙሉ አስገባና የራስህንም የነሱንም አፍሰህ ና! ለምክሬ ትንሽ ጉማጅ ትበቃኛለች።»

ጅብ ምራቁን ዋጠ፤ ጉማጇንም ሰጠው።

በጳጉሜ የኪራይ ስልቻውን ተሸክሞ ከእቁብተኛው መካከል ከች አለ። አህዪት አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች፤ ጅብ ነዋ! ቃሏ ግን አልተንቀጠቀጠም።

«መግባቱን ግባ፤ ደንቡን ግን ስማ። እጣ የወጣለት ዋስ ይጠራል። ዋስ ያጣ ተራው መጨረሻ ይሆናል።»

«እሺ፣ እሺ፣ ይውጣ!» አለ ጅብ። ዓይኑ ጨዉ ላይ ነው፤ ደንቡን ማን ሰምቶት።

ርግብ የየባለእጣው ምልክት ያለባቸው ጠጠሮች ከተከተቱበት ማሰሮ አንዱን በአፏ አወጣች። የጅብ ነበር! ጅብ ጮቤ ረገጠ።

«ዋስህን ጥራ» አለች አህዪት።

«ቀበሮ አለ አይደለም እንዴ?»

ቀበሮ ወደ ኋላ አፈገፈገ። «አያ ጅቦ፣ እኔ መካሪ ነኝ እንጂ ዋስ ነኝ አልኩህ? ነገ ልሰህ ብትጠፋ እኔ ልከፍል?»

«አብረን ስንበላ አልነበር?»

«መብላቱንማ በላን» አለና ቀበሮ እብስ አለ።

ጅብ ወደ አይጥ ዞረ፤ አይጥ አቀረቀረች። ወደ ሽኮኮ ዞረ፤ ሽኮኮ ሰማይ ሰማይ አየ። ከዚያ ሁሉ እንስሳ አንድ ዋስ አጣ።

ርግብ ሌላ ጠጠር አወጣች። የጃርት ነበር።

«ዋስሽ ማነው?»

ጃርት አፏን ሳትከፍት «እኔ!» አለች አይጥ። «እኔም!» አለ ሽኮኮ። «እኔን ጻፉኝ!» አለ ጦጣ። ሁሉም ብድግ ብድግ አሉ። ጃርት ደስታዋ ከአቅሟ በላይ ሆኖ አለቀሰች።

በእንቁጣጣሽ ዋዜማ ጅብ አንበሳ ፊት ቀረበ። «ጌታዬ፣ ጨዌ እቁብ ውስጥ ነው፤ ተራዬ እስኪደርስ ይታገሡኝ።»

«ረግረጌ በተስፋ አይከራይም» አለ አንበሳ።

ጃርት ስልቻዋን እየጎተተች መጥታ እግሩ ሥር አኖረችው።

«ይህን ሁሉ ማን ሰጠሽ?»

«ማንም አልሰጠኝም፣ ጌታዬ። የሁላችን የእጅ ዋጋ ነው። ረግረጉም የሁላችን ይሆናል።»

አንበሳ ጎፈሩን ነቅንቆ አከራያት። በመጀመሪያው ገበያ ጃርት አዲስ ሞሰቧን ይዛ ተቀመጠች። አንዲት ሚዳቋ «የአያ ጅቦ ሞሰብ ነው?» ብላ ጠየቀቻት። «የለም፤ እኔ ጃርት የሰፋሁት ነው። ዋጋውንም የምነግርሽ እኔ ነኝ» አለች ቀና ብላ። እንዲህ ለማለት ስንት ዓመት ጠብቃለች!

እቁቡ ተራ በተራ ወጥቶ በመጨረሻ ለጅብ ደረሰው። ርግብ ጨዉን አንዲት ቅንጣት ሳታጎድል አስረከበችው። ጅብ ዓይኑን ማመን አቃተው።

«ትክዱኛላችሁ ብዬ ነበር» አለ።

«የራስህ ሐቅ ነው፣ ውሰድ» አለች አህዪት። «እኛ የሌላውን ላብ አንልስም።»

ከዚህ የምንማረው ባለሙያ ከጥቂቱ ቆጥቦ ከመሰሎቹ ጋር ከተባበረ የእጁ ጌታ እንደሚሆን፣ የመታመን ዋስ ግን በስልቻ ጨው እንደማይገዛ ነው።